«ቡኔሽት በቡኔሽት ውስጥ» ስሕተት አይደለም፦ የሮማኒያን ኮሙን እንዴት እንረዳው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ስለ ሮማኒያ ገጠር አንድ አጭር መጣጥፍ ወደ አማርኛ እየመለሱ ሳለ እዚህ ዐረፍተ ነገር ላይ ደርሰው ቆሙ፦ «ቡኔሽት በብራሾቭ አውራጃ የምትገኝ ኮሙን ስትሆን አምስት መንደሮች አሏት፤ እነርሱም ቡኔሽት፣ ክሪትስ፣ ሜሸንዶርፍ፣ ሯዴሽና ቪስክሪ ናቸው።» ከዚያም «ቡኔሽት በራሷ ውስጥ እንዴት ትገኛለች? የጸሐፊው ስሕተት ነው ብዬ ልሰርዘው? ለመሆኑ ኮሙን ከተማ ነው፣ ቀበሌ ነው ወይስ ወረዳ?» ሲሉ ጠየቁ።

አይሰርዙት፤ ጽሑፉ ትክክል ነው። በብራሾቭ አውራጃ ካርታ ላይ ሁለት ቡኔሽት አሉ። አንደኛዋ መንደር ናት፤ ቤትና ቤተ ክርስቲያን ያላት፣ ሰው «የተወለድኩት እዚያ ነው» የሚላት። ሁለተኛዋ ወሰን ናት። አምስቱን መንደሮች፣ በመካከላቸው ካለው እርሻ፣ ግጦሽና ጫካ ጋር፣ በአንድ መስመር ከብባ የምትይዝ የአስተዳደር ክልል ማለት ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ከአምስቱ በአንዷ መቀመጥ ስላለበት ቡኔሽት በምትባለው መንደር ተቀመጠ፤ ክልሉም ስሙን ከመቀመጫው ወረሰ። የአገሪቱ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት «ሲሩታ» በተባለው የቦታዎች መዝገቡ ለሁለቱ ሁለት የተለያዩ መለያ ቁጥሮችን ሰጥቷቸዋል። ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በክፍለ ሀገር ዘመን «ጎንደር ነው ያለው» ሲባል ከተማው ይሁን ደባርቅ ወይም ሌላ የክፍለ ሀገሩ ጥግ ለማወቅ ተጨማሪ ጥያቄ መጠየቅ ያስፈልግ ነበር።

አሁን ስለ አከፋፈሉ። ሮማኒያ ከዋና ከተማዋ ከቡካሬስት ሌላ 41 አውራጃዎች አሏት፤ በቋንቋቸው «ዡዴትስ» ይባላሉ። በአውራጃው ሥር በአንድ በኩል ከተሞች፣ በሌላ በኩል ኮሙኖች አሉ። ከተሞቹ 320 ያህል ሲሆኑ ኮሙኖቹ ወደ 2,860 ይጠጋሉ። መንደሮቹ፣ «ሳት» የሚሏቸው፣ 13,000 ገደማ ናቸው። በአማካይ ለአንድ ኮሙን አራት ወይም አምስት መንደር ይደርሰዋል ማለት ነውና ባለ አምስት መንደሯ ቡኔሽት በዚህ ረገድ ምንም ልዩ ነገር የላትም። ልብ ሊባል የሚገባው በአውራጃና በኮሙን መካከል ሌላ የአስተዳደር እርከን አለመኖሩ ነው። ወረዳ የሚባል የለም፣ ዞንም የለም። ከኮሙን በታች ያለው መንደርም አስተዳደር የለውም፤ የራሱ በጀት፣ የራሱ ማኅተም፣ የራሱ ሹም የለውም። መንደር የመኖሪያ ስፍራ እንጂ የሥልጣን አካል አይደለም።

መልክዓ ምድሩን ሳያዩ አስተዳደሩን መረዳት ስለሚከብድ ጥቂት ልቆይበት። ከብራሾቭ ከተማ ተነሥተው ወደ ሲጊሽዋራ በሚወስደው አገር አቋራጭ መንገድ ሲጓዙ፣ ኮረብታ ላይ ምሽግ የተሠራባትን ሩፔያ የተባለች ትንሽ ከተማ አልፈው ብዙም ሳይቆዩ ቡኔሽት ይደርሳሉ። ስፍራው ትራንሲልቬኒያ የሚባለው የሮማኒያ ክፍል ነው፤ ተራራው ርቆ የሚታይ፣ ቅርቡ ግን ክብ ክብ ያለ ዝቅተኛ ኮረብታ፣ ሣር የለበሰ ተዳፋትና ጫካ። ቡኔሽት ዋናው መንገድ ላይ ተዘርግታለች፤ ክሪትስም ከዚያው መንገድ አትርቅም። ሌሎቹ ሦስቱ ወደ ውስጥ የገቡ ናቸው። ቪስክሪን ለማየት ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር በኮረብታዎች መካከል መሄድ ያስፈልጋል።

እነዚህን መንደሮች የቆረቆሯቸው ሳክሶኖች የሚባሉ ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ናቸው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) የሃንጋሪው ንጉሥ ጌዛ 2ኛ ድንበሩን እንዲያለሙለትና እንዲጠብቁለት ጋበዛቸውና መጥተው ሰፈሩ። ስሞቹ ይህን እስከ ዛሬ ይናገራሉ። ቪስክሪ የሚለው ከጀርመንኛው «ቫይስኪርሽ» የተገኘ ሲሆን ትርጉሙ ነጭ ቤተ ክርስቲያን ነው። ክሪትስ ደግሞ «ክሮይትስ» ከሚለው የመጣ ነው፤ መስቀል ማለት። ሜሸንዶርፍ ላይ ያለው «ዶርፍ» ራሱ መንደር ማለት ስለሆነ «ሜሸንዶርፍ መንደር» ብሎ መጻፍ «መንደር መንደር» እንደማለት ነው፤ ያም ሆኖ ይጻፉት፣ አንባቢ ያግዘዋል እንጂ አይጎዳውም። እያንዳንዱ ቦታ የሮማኒያኛ፣ የጀርመንኛና የሃንጋሪኛ ስም ስላለው በአሮጌ ካርታ ላይ የሚያገኙት ስም ከዛሬው ፈጽሞ ላይመሳሰል ይችላል። ሦስት መንደር አገኘሁ ብለው ሦስት ቦታ እንዳይጽፉ።

ቤቶቹ መንገዱን ተከትለው በሁለት ረድፍ ይሰለፋሉ፤ ጠባቡ ጎናቸው ወደ መንገዱ ይዞራል፤ በአንዱ ቤትና በሌላው መካከል ያለውን ክፍተት ጋሪ የሚያስገባ ሰፊ የእንጨት በር ይዘጋዋል። ከመንገድ ላይ ሆኖ ግቢ ውስጥ ማየት አይቻልም። ቤተ ክርስቲያኑ ከፍ ብሎ በግንብ ታጥሯል፤ ወራሪ በመጣ ጊዜ ሕዝቡ ከእህሉ ጋር የሚሸሸግበት ነበር። የቪስክሪው ባለ ግንብ ቤተ ክርስቲያን ከሌሎች ብጤዎቹ ጋር በ1999 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መዝገብ ላይ ሰፍሯል። የሯዴሹ ግን ዕድል አልቀናውም፤ በ2016 የካቲት ላይ አንዱ ማማው ተደረመሰ። ሁለቱም በአንድ ኮሙን ውስጥ ናቸው፤ አንዱን ቱሪስት ከዓለም ዙሪያ ሲጎበኘው የሌላው ማማ በዝምታ ፈረሰ።

ምክንያቱ ጠባቂ ማጣት ነው። ሳክሶኖቹ ዛሬ እዚያ የሉም ማለት ይቻላል። በኮሚኒስቱ መሪ በቻውሼስኩ ዘመን ምዕራብ ጀርመን በሰው ቁጥር ሒሳብ እየከፈለች ታስወጣቸው ነበር፤ አገዛዙ በ1989 ታኅሣሥ ሲወድቅ ደግሞ በሩ ተከፈተና በ1990 አንድ ዓመት ብቻ ከመላ ሮማኒያ ከ100,000 በላይ ጀርመንኛ ተናጋሪዎች አገሩን ለቀቁ። ቁልፍ ለጎረቤት ተሰጠ፤ ቤት ተዘጋ። ዛሬ በእነዚያ ቤቶች በብዛት የሚኖሩት ሮማኒያውያንና ሮማዎች (በተለምዶ ጂፕሲ የሚባሉት) ናቸው። ቪስክሪ ውስጥ በበጋ ምሽት የጋራው መንጋ ከግጦሽ ሲመለስ ላሞቹ መንገዱን ሞልተው ይመጣሉ፤ ከዚያ አንዷ ወደ ግራ፣ ሌላዋ ወደ ቀኝ እየተገነጠለች ማንም ሳይነዳት የየባለቤቷ በር ፊት ቆማ ትጠብቃለች። በሩ ይከፈታል፤ ትገባለች። ቱሪስቶች ካሜራቸውን ይዘው የሚቆሙት ለዚህ ነው። እኔ ደግሞ ላሞቹን ሳይ የማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ነው የሚታየኝ፤ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

በየኮሙኑ ጽሕፈት ቤት «የግብርና መዝገብ» የሚባል አለ። እያንዳንዱ ቤተሰብ ስንት ሄክታር እንዳለው፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ እርሻ ስንቱ ሣር እንደሆነ፣ ስንት ላም፣ ስንት በግ፣ ስንት ፈረስ፣ ትራክተር ካለው እሱም፣ በቤተሰብ ኃላፊ ስም ይመዘገባል። መዝገቡ በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል፤ ላም የሸጠ ወይም መሬት የገዛ ሄዶ ማስታወቅ አለበት። ገበሬው አይብ ወይም ድንች ገበያ አውጥቶ ለመሸጥ የሚያስፈልገውን የአምራችነት ማረጋገጫ የሚያገኘው በዚህ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ ነው። የጋራ ግጦሹም ቢሆን በአብዛኛው የኮሙኑ ንብረት ስለሆነ ማን ስንት ከብት ያስገባል የሚለው ከዚሁ ይጀምራል። ለእኔ ኮሙን የሚባለውን ነገር ከሕጉ አንቀጽ ይልቅ አጥርቶ የሚያሳየው ይህ መዝገብ ነው፤ ገጠሩን በቤትና በበረት የሚያውቅ መንግሥት ማለት ነውና። የድሮ የአጥቢያ ዳኛ ወይም ጭቃ ሹም ምን ይሠራ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ስሜቱ ይገባዋል፤ ልዩነቱ ይኸኛው በጽሑፍ መሆኑና አለቃው በምርጫ መሾሙ ነው።

ወደ ምርጫው እንምጣ። ከንቲባውን፣ «ፕሪማር» ይሉታል፣ የአምስቱም መንደሮች ነዋሪዎች በቀጥታ ለአራት ዓመት ይመርጡታል። አንድ ዙር ብቻ ነው፤ አብላጫ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፣ ግማሽ ባይሞላም። የምክር ቤቱ አባላት ደግሞ በፓርቲ ዝርዝር ይመረጣሉ። ቁጥራቸውን የሚወስነው የነዋሪው ብዛት ነው፤ እስከ 1,500 ነዋሪ ላለው ኮሙን 9፣ ከ1,501 እስከ 3,000 ላለው 11፣ እስከ 5,000 ላለው 13፣ እስከ 10,000 ላለው 15። ቡኔሽት ከሁለት ሺሕ በላይ፣ ከሦስት ሺሕ በታች ሰው ስላላት 11 አባላት ይኖሯታል። ምክትል ከንቲባው ከምክር ቤቱ አባላት መካከል በአባላቱ ይመረጣል። የመጨረሻው የአካባቢ ምርጫ የተካሄደው በሰኔ 2024 ነው።

መጣጥፍ የሚጽፉ ሰዎች ዘለው የሚያልፉት አንድ ሰው አለ፤ የኮሙኑ ዋና ጸሐፊ። ይህ ሰው አይመረጥም፤ በሕግ ወይም በአስተዳደር ትምህርት የተመረቀ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ከንቲባ ይመጣል፣ ከንቲባ ይሄዳል፤ ጸሐፊው አለ። የምክር ቤቱ ውሳኔዎች ሕጋዊነታቸውን የሚያረጋግጥ ፊርማ ከእርሱ ይጠበቃል፤ ሕግ ይጥሳል ብሎ ካመነ አልፈርምም ማለት ይችላል። በትንሽ ኮሙን ውስጥ አንድ ጥያቄ ያለው ሰው «ከንቲባውን ላናግር» ከማለቱ በፊት ጸሐፊውን ቢያገኝ ጊዜ ይቆጥባል። ከኮሙኑ ውጭ ደግሞ በአውራጃው ደረጃ መንግሥት የሚሾመው ፕሬፌክት አለ። እርሱ የከንቲባው አለቃ አይደለም፤ ሊሽረውም ሊያዝዘውም አይችልም። ሕገ ወጥ መስሎ የታየውን ውሳኔ ይዞ ወደ አስተዳደር ፍርድ ቤት ይሄዳል። ብዙ የአማርኛ ትርጉሞች «አስተዳዳሪ» ብለው የሚያልፉት ይህ ሰው የሕግ ተቆጣጣሪ ቢባል ይሻላል።

ታዲያ መንደሮቹ ምን ድምፅ አላቸው? እዚህ ላይ ሕጉ ለትናንሽ መንደሮች ያሰበላቸው ነገር አለ። በምርጫው ከመንደሩ አንድም ሰው ምክር ቤት ካልገባ መንደሩ ተወካይ ይልካል። ከንቲባው ስብሰባ ይጠራል፣ ከየቤተሰቡ አንድ ሰው ይመጣል፣ ተወካዩም በዚያ ይመረጣል። ተወካዩ የምክር ቤቱን ስብሰባ ይከታተላል፣ ስለ መንደሩ የሚነሣ ጉዳይ ሲኖር አስተያየቱ ይደመጣል። ድምፅ መስጠት ግን አይችልም። በጎ ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን የውኃ ቧንቧ በየትኛው መንደር ይቅደም በሚል ክርክር ውስጥ መናገር የሚችል ግን እጅ የማያወጣ ሰው ምን ያህል እንደሚመዝን እናንተው ገምቱ።

የመንገድ ነገርማ የክርክር ሁሉ እናት ናት። ሮማኒያ ውስጥ መንገድ ባለቤት አለው፤ ብሔራዊው የማዕከላዊው መንግሥት፣ የአውራጃው የአውራጃ ምክር ቤት፣ የኮሙኑ የኮሙኑ ነው። በቡኔሽት መሐል የሚያልፈው የጭነት መኪናው ሁሉ መንገድ ብሔራዊ ስለሆነ ከንቲባው ጉድጓዱን የመድፈን ሥልጣን የለውም፤ ስድቡን ግን እርሱ ነው የሚቀበለው። ትምህርት ቤቱም እንዲሁ ነው፤ ሕንፃው የኮሙኑ፣ የመምህሩ ደመወዝ የመንግሥት። ፖሊሱም የከንቲባው ታዛዥ አይደለም፣ የአገሪቱ ፖሊስ አባል ነው። ለኮሙኑ በትክክል የሚቀረው የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ፣ የግብርና መዝገቡ፣ የማኅበራዊ ርዳታ፣ የግንባታ ፈቃድ፣ ውኃ፣ የመንገድ መብራት፣ ቆሻሻ፣ የገጠር መንገድና ግጦሽ ነው። ይህን ለማድረግ የቤት፣ የመሬትና የተሽከርካሪ ግብር ይሰበስባል። አይበቃም። ብዙ ትናንሽ ኮሙኖች በራሳቸው ገቢ የሠራተኞቻቸውን ደመወዝ እንኳ አይሸፍኑም፤ ከገቢ ግብር በሚሰጣቸው ድርሻና ከተጨማሪ እሴት ታክስ በሚመደብላቸው ማመጣጠኛ፣ ከ2007 ወዲህ ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ይኖራሉ።

ትንሽ ትንሽ ስል ምን ያህል ትንሽ? በሁኔድዋራ አውራጃ በትርና የምትባል ባለ አራት መንደር ኮሙን በ2011 ቆጠራ የተገኘባት ሰው 127 ነበር። በካራሽ ሴቬሪን አውራጃ ተራራ ላይ ያለችው ብሬቡ ኖው ደግሞ በዚያው ቆጠራ 119። እርሷም ጀርመንኛ ተናጋሪ ሰፋሪዎቿ የሄዱባት ናት፤ በሥሯ ያለችው ገርና በየዓመቱ በሚካሄድ የጃዝ ፌስቲቫል ትታወቃለች፤ በእነዚያ ቀናት እንግዳው ከነዋሪው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በሌላው ጫፍ ከክሉዥ ከተማ ጋር የተያያዘችው ፍሎሬሽት አለች። በ2021 ቆጠራ 52,735 ሰው ተመዝግቦባታል። ፎቅ በፎቅ ናት፤ የትራፊክ መጨናነቋ ዝነኛ ነው፤ በሕግ ፊት ግን ኮሙን ናት፣ ገጠር። 127 ሰውና 52,735 ሰው በአንድ ስም ይጠራሉ፣ ሁለቱም ከንቲባ አላቸው፣ ሁለቱም ምክር ቤት አላቸው። ስለዚህ «ኮሙን» የሚለውን ቃል አይተው የሰዉን ብዛት ለመገመት አይሞክሩ። ቃሉ የሚነግርዎ ሕጋዊ ማዕረጉን ብቻ ነው።

ማዕረጉ ዕድሜ አለው። ኮሙን በሮማኒያ ሕግ የገባው በ1864 በልዑል ኩዛ ዘመን ነው፤ ቃሉም አሠራሩም ከፈረንሳይ የተወሰደ ነበር። ትራንሲልቬኒያ በዚያን ጊዜ በሐብስበርጎች፣ ማለትም በኦስትሪያ ነገሥታት ቤት፣ እጅ ስለነበረች ይህ ሥርዓት ወደ ቡኔሽት አካባቢ የደረሰው ከ1918ቱ ውሕደት በኋላ ነው። በ1950 ኮሚኒስቶቹ አውራጃዎቹን አፍርሰው የሶቪየት ዓይነት ክልልና በሥሩ ራዮን የሚባል እርከን አመጡ፤ በ1968 ደግሞ አውራጃዎቹን መለሷቸው። የዛሬው የኮሙን ካርታ በመሠረቱ ያ የ1968ቱ ነው። ከዚያ ወዲህ የተሰነጠቁም የተጨመሩም አሉ። ከሁሉ የከፋው በ1988 ታቀደ፤ ቻውሼስኩ ከ13,000ዎቹ መንደሮች ሰባት ስምንት ሺሑን አጥፍቶ ሕዝቡን በፎቅ ሊያሰፍር አወጀ። በቡካሬስት ዙሪያ ጥቂቶቹ ፈረሱ። በቤልጂየም የተጀመረ አንድ ንቅናቄ ደግሞ እያንዳንዱ የምዕራብ አውሮፓ ኮሙን አንድ የሮማኒያ መንደር «በጉዲፈቻ» እንዲወስድ ጥሪ አቀረበ፤ መንደሩን በስም ካወቅኸው ማንም በዝምታ አያፈርሰውም በሚል ስሌት። አገዛዙ ቀድሞ ወደቀ። ለዚህ ነው አንድ ጥግ ላይ ያለች የሮማኒያ መንደር ከቤልጂየም ወይም ከፈረንሳይ ኮሙን ጋር ለምን እንደተወዳጀች ሲገርማችሁ መልሱ ብዙ ጊዜ እዚያ ያለው።

አሁን የትርጉሙ ጉዳይ። ቀበሌ ልበለው? በሰው ብዛት ብዙዎቹ ኮሙኖች ከገጠር ቀበሌ ጋር ይቀራረባሉ። ነገር ግን ኮሙን የራሱ በጀት፣ የራሱ ንብረትና በፍርድ ቤት የመክሰስና የመከሰስ መብት ያለው ተቋም ነው፤ በሥልጣኑ ወረዳን ይመስላል። ወረዳ ካሉት ደግሞ አንባቢው መቶ ሺሕ ሰው ይጠብቃል። ስለዚህ «ኮሙን» ብለው ይተዉት፤ መጀመሪያ በሚጠቀስበት ቦታ «በአንድ ማዘጋጃ ቤት የሚተዳደሩ የገጠር መንደሮች ክልል» የሚል ማብራሪያ ያክሉ። «ዡዴትስ»ን «አውራጃ» ማለትዎ ጥሩ ነው፤ ከቀድሞው የእኛ አውራጃ ጋር በልክም በሥራም ባይገጥምም ጆሮ አይቆረቁርም።

በስሞቹ አጻጻፍ ላይም አንድ ነገር ልበል፤ ይህ የእኔ ደካማ ጎን ነው። ሮማኒያኛ ሁለት አናባቢዎች አሉት፣ እንግሊዝኛ በቅጡ ሊጽፋቸው የማይችል፤ ፊደላችን ግን ሁለቱንም ይዟል። አንደኛው የእኛ ግእዝ «ኧ» ነው፣ ሁለተኛው ሳድሱ «እ»። በትርናንና ገርናን ከእንግሊዝኛ ሳይሆን ከሮማኒያኛው ቢጽፏቸው ከብዙ አውሮፓዊ በተሻለ ትክክል ይመጣሉ። የ«ሯ» ፊደላችንም ሯዴሽን በአንድ እስትንፋስ ያነሣታል። ቡኔሽት መጨረሻዋ ላይ በጽሑፍ «ኢ» አለባት፤ ሲነገር ግን ትንፋሽ ብቻ ናትና «ቡኔስቲ» አይበሉ።

ያቺን ዐረፍተ ነገር እኔ ብሆን እንዲህ አድርጌ አቀናታለሁ፦ «ቡኔሽት በብራሾቭ አውራጃ የምትገኝ ኮሙን ናት። በሥሯ አምስት መንደሮች ሲኖሩ፣ መቀመጫዋ ስሟን ያወሰቻት ቡኔሽት መንደር ናት፤ ሌሎቹ ክሪትስ፣ ሜሸንዶርፍ፣ ሯዴሽና ቪስክሪ ናቸው።» መጣጥፉ ውስጥ የቤት አድራሻ ካለም ከኮሙኑ ስም በፊት የመንደሩን ስም ማስቀመጥ አይርሱ። በእነዚህ መንደሮች የመንገድ ስም ብዙ ጊዜ አይጻፍም፤ የቤት ቁጥር ብቻ ነው ያለው፣ ቪስክሪ ውስጥ የእንግዳ ማረፊያዎች ሳይቀሩ በቤት ቁጥራቸው የሚጠሩ አሉ። መንደሮቹም የየራሳቸው የቤት ቁጥር አሰጣጥ ስላላቸው «ቡኔሽት ኮሙን፣ ቤት ቁጥር 32» ብለው ቢጽፉ ፖስተኛው አምስት በር ሊያንኳኳ ነው።